እጁ ወደ ኋላ የቀረበትን ሕፃን ጽሕፈት እንዴት እናስተምረው?

አንድ የአንደኛ ክፍል መምህር የልጆቹን ደብተር ሰብስቦ ሲያርም ከስድሳው መካከል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ስም ሳይነበብባቸው ይታወቃሉ። ጠርዛቸው ተጠቅልሏል። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቷል፤ አንዳንድ ቦታም ተበስቷል። ፊደሉ አንዴ ከመስመሩ በላይ ተንሳፎ፣ አንዴ ከመስመሩ በታች ሰምጦ ይታያል። መምህሩም «ዶሮ የጫረችው ይመስላል» ይልና በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት ወደሚቀጥለው ደብተር ያልፋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ደብተር ባለቤት ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በየት/ቤቱ የተለመደው መድኃኒት የታወቀ ነው። አንዱ «ሰነፍ» ይለዋል፤ ሌላው ጣቱን በማስመሪያ ይመታዋል፤ ሌላው ደግሞ ያበላሸውን ፊደል ሃምሳ ጊዜ እንዲጽፍ ያዘዋል። መምታቱ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በት/ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ከተደነገገ ወዲህ ክርክር የማያስፈልገው ነገር ነው። «ሃምሳ ጊዜ ጻፍ» የሚለው ግን ቅጣት ስለማይመስል እስከ ዛሬ ከመካከላችን አልወጣም። እስቲ እናስበው። ልጁ «ሰ»ን ከታች ወደ ላይ እየጎተተ የሚጽፍ ከሆነ፣ ሃምሳ ጊዜ ሲጽፍ ስሕተቱን ሃምሳ ጊዜ ተለማመደ ማለት ነው። እጁም ደከመ፤ ልቡም ደከመ።

ጉዳዩ የደብተር ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት። ነገር ግን በወረታ ዙሪያና በፎገራ ሜዳ ከት/ቤት ለሚቀር ልጅ ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። ከብቱ አለ፤ የሩዙ ማሳ አለ፤ ለሴቷ ልጅ ውኃው፣ እንጨቱና ሕፃን ማዘሉ አለ። ደብተሩን ማሳየት ያፈረ ልጅ አንድ ቀን ይቀራል፣ ከዚያ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። ያቋረጠበት ምክንያት ሲጠየቅ «ቤተሰቡ ለሥራ ፈልጎት» ተብሎ ይጻፋል። እውነት ነው፣ ቤተሰቡ ፈልጎታል። ነገር ግን ልጁም እኮ መሄጃ ይፈልግ ነበር።

በቅድሚያ ከሕፃኑ የምንጠይቀው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ እንገንዘብ። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው፤ ትልቁና ትንሹ ቢቆጠር 52። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ፊደልን ፊት ለፊት አይቶ «ቡ» ብሎ መጥራት አንድ ነገር ነው፤ ከባዶ ወረቀት ላይ ያንኑ አስታውሶ፣ ከየት እንደሚጀመር አውቆ፣ እጅን አዝዞ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት እንኳ ሁለቱ የተለያዩ ነበሩ። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ እያለ ንባቡን ሲዘልቅ ብዕር ላይነካ ይችል ነበር። ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ፣ የራሱ መምህርና የራሱ ዓመታት ያሉት ሙያ ነበር። ዛሬ ንባቡንም ጽሕፈቱንም በአንድ ወር፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ የሰባት ዓመት ልጅ እንጠብቃለን። አይቻልም አንልም፤ ቀላል ነው ብሎ ማሰቡ ግን ስሕተት ነው።

ፊደላችን ለሕፃን ዓይን የሚያቀርበው ወጥመድም አለ። ካዕቡ በቀኝ ወገብ ላይ ጭረት ይጨምራል፤ ሣልሱ ያንኑ ጭረት ወደ እግር ያወርደዋል፤ ኃምሱ በቀኝ እግር ሥር ቀለበት ያደርጋል። እስከዚህ መልካም። ራብዑና ሳብዑ ላይ ሲደረስ ግን «ባ» የግራ እግሯ ያጠረ፣ «ቦ» የቀኝ እግሯ ያጠረ ሆኖ ይገኛል። «ሳ»ና «ሶ»፣ «ካ»ና «ኮ»፣ «ዛ»ና «ዞ»ም እንዲሁ። እነዚህ እርስ በርሳቸው መስተዋት ናቸው። ግራና ቀኙን ገና ያልለየ ሕፃን «ካራ» ጻፍ ሲባል «ኮራ» ጽፎ ቢገኝ ሞኝ ሆኖ አይደለም። የቤቱ በሬ ወደ ግራም ቢዞር ወደ ቀኝ ያው በሬ ነው፤ አቅጣጫው ሲለወጥ ስሙ የሚለወጥ ነገር ከፊደል በፊት አላጋጠመውም። እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ፊደልን ገልብጦ መጻፍ በየአገሩ የሚታይ የዕድገት ነገር ነው። ሳድሱን እንተወው፤ እሱማ ሕግ የለውም፣ አንድ በአንድ መለመድ ነው።

እንግዲህ አንድ ልጅ መጻፍ አቅቶታል ስንል መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ጊዜ አግኝቷል ወይ?» የሚለው ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደዚህ ሜዳ የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል። አረሙ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ት/ቤት ዝግ ነው፤ አጨዳው ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ልክ የአንደኛ ክፍል ልጅ እርሳስ መጨበጥ በለመደበት ወራት ይመጣል። ሦስት ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ ክፍሉ ከ«ሀ» ተነሥቶ «ተ» ደርሷል። በዚህ ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች አሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ወንዞቹ ሞልተው ቤተሰብ ሲያፈናቅሉ የትምህርት መጀመሪያው ይዘገያል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ለወራት ተዘግተው ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ልጆች ዓመታት ባክነውባቸዋል። የአሥር ዓመት ልጅ የስድስት ዓመት ልጅ ጽሕፈት ቢጽፍ እጁ የታመመ አይደለም፤ እርሳስ የጨበጠበት ዘመን ሲቆጠር ገና ስድስት ወር ሊሆን ይችላል። ለዚህኛው የሚያስፈልገው ጊዜና ልምምድ ነው። ጊዜም ትምህርትም አግኝቶ እጁ እምቢ ያለው ልጅ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጨፍለቅ ሁለቱንም መበደል ነው።

ለመለየት የሚረዳ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ እነሆ። ከካርቶን ፊደሎችን ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ መበተን ነው። «ሩዝ» በልና ልጁ በእጁ እያነሣ ይደርድረው። «ሩ»ንና «ዝ»ን ሳይቸገር አንሥቶ ካስቀመጠ ፊደሉን ያውቃል፤ ያልታዘዘው እጁ ነው። ካልቻለ ግን ችግሩ ፊደሉ ገና አለመታወቁ ነው፤ ያን ጊዜ እርሳሱን አስቀምጠን ወደ ንባቡ እንመለሳለን። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሳይሠሩት ግን ዓመት የሚያልፍባቸው ክፍሎች አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የዓይን ነው። ትራኮማ በክልላችን በብዛት የሚገኝ በሽታ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ከአጠገቡ ካለ መጽሐፍ ሲገለብጥ ደኅና፣ ከጥቁር ሰሌዳ ሲገለብጥ ግን የሚሳሳት ከሆነ፣ ዓይኑን የሚያሽ፣ አንገቱን የሚያጋድል ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ፊት ወንበር ይምጣ፤ ቀጥሎም ጤና ጣቢያ ይታይ። እጅን ለዓይን ጥፋት መቅጣት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ወደ እጁ እንመጣለን። እዚህ ላይ ሠልጣኞች ከሁሉ በላይ እንዲይዙት የምንፈልገው አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ገጹን ሳይሆን ልጁን ማየት ነው። ደብተር ተሰብስቦ ሲታረም የሚታየው የተሠራው ነገር እንጂ አሠራሩ አይደለም። ልጁ በሚጽፍበት ሰዓት አጠገቡ ቁጢጥ ብለን ሦስት ደቂቃ እንመልከት። እግሩ መሬት ይነካል ወይስ ተንጠልጥሏል? የተንጠለጠለ ልጅ ሰውነቱን በክርኑ ስለሚደግፍ እጁ ለጽሕፈት ነፃ አይሆንም፤ ከእግሩ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሌላኛው እጁ ደብተሩን ይዟል ወይስ ደብተሩ እየሸሸበት ነው? ወረቀቱን እስኪበሳ ይጫናል? ወይስ ጽሕፈቱ እስከማይታይ ድረስ ያሳሳዋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊደሉን ከየት ይጀምራል?

ስለ አጨባበጥ ብዙ ይባላል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና መሐል ጣት ሦስቱ እርሳሱን ቢይዙት ጥሩ ነው፤ በአራት ጣት የሚይዙም ልጆች አሉ፣ በጥናት እንደታየውም ጽሕፈታቸው በዚህ ምክንያት አይበላሽም፤ አይዘገይም። ስለዚህ አጨባበጡ ስላላማረን ብቻ መነካካት አያስፈልግም። ልጁ ሙሉ መዳፉን ጨብጦ የሚጽፍ ከሆነና ቶሎ የሚደክመው ከሆነ ግን እንርዳው። እርሳሱ ላይ ጨርቅ ወይም ክር መጠምጠም፣ ወይም ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ማልበስ ወፈር ያደርገዋል። አጭር እርሳስ በመዳፍ ስለማይያዝ ጣትን ያስገድዳል። የተማሪ እርሳስ አጥሮ ሲወረወር የምናይ ሰዎች ይህን ልብ እንበል።

እዚህ ላይ ስለ ሜዳችን ልጆች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ጅራፍ ገምዶ የሚያጮኽ፣ ከጥቁሩ ጭቃ ሻኛ ያለው በሬ ከነቀንዱ የሚሠራ ልጅ «እጁ አይሠራም» ሊባል አይችልም። ያ እጅ ብርታት አለው፤ ዓይኑም ቅርጽ ያያል። ያልለመደው ትንሹን፣ በጣት ጫፍ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ከሚችለው እንጀምር። ጭቃውን በጣቱ አድቦልቡሎ እንደ ገመድ ያርዝመው፤ ከዚያም «ለ»ን፣ «በ»ን፣ «ዐ»ን ይሥራበት። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ልጆች ከመጻፋቸው በፊት ከሻካራ ወረቀት የተቆረጡ ፊደሎችን በጣታቸው እንዲዳስሱ ታደርግ ነበር። ሻካራ ወረቀት ከሌለን ከርብና ከጉማራ ዳር አሸዋ አለ። አሸዋውን በሰፊ ዕቃ አስተኝቶ በጣት መጻፍ ነው። ከወፍጮ ቤቱ የሚወጣው የሩዝ ገለፈትም ያገለግላል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አሸዋውን እንመርጣለን፤ ገለፈቱ ልጆቹ ሲስቁ ዓይን ውስጥ ይገባል።

አንድ ልጅ ፊደል ለመጻፍ መድረሱን ለማወቅ ቅርጽ አስገልብጦ ማየት ይጠቅማል። ቀጥ ያለ መስመርና ክብ በሦስት ዓመት አካባቢ፣ መስቀል በአራት፣ አራት ማዕዘን በአምስት፣ ሦስት ማዕዘን ከዚያ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ሰያፍ መስመሮችን አቋርጦ መሥራት ያልቻለ ልጅ ፊደል ላይ ቢታገል አይደንቅም። እሱን በ«ጸ»ና በ«ጀ» ከማድከም ሁለት ሳምንት ቅርጽ ቢያስሉት ይሻላል።

ፊደሉን በምን ቅደም ተከተል እናስጽፈው? ገበታው ከ«ሀ» ይጀምራል፤ ለቆጠራና ለንባብ የታወቀ ሥርዓት ነው፣ ማንም አይነካውም። ለጽሕፈት ግን በቅርጽ ዘመድ የሆኑትን አንድ ላይ ማምጣት ይሻላል ብለን እናምናለን። «በ» ትቅደም፤ «ለ»፣ «ሰ»፣ «ሸ» ይከተሏት፤ ከዚያ ባለ ክቦቹ «ዐ»፣ «ወ»፣ «መ»፣ «ቀ» ይምጡ። «በ»ን ስናስተምር በቃል እንምራው፤ «ምሰሶ፣ ጣራ፣ ምሰሶ!» ይበል። የፊደሏ ስም ራሱ «ቤት» ስለሆነ ልጁ ቤት እየሠራ ነው። «ባ» ላይ ሲደርስ የግራው ምሰሶ ያጠረበት ቤት፣ «ቦ» ላይ የቀኙ ያጠረበት ቤት ይሆንለታል። ግራና ቀኝ ለሚምታታበት ልጅ ቀኝ እጁ አንጓ ላይ ክር ማሰር ነው። ከዚህ የበለጠ ሳይንስ አያስፈልገውም።

መስመሩን አንርሳ። ቁም ጸሐፊው ያን ሁሉ ዓመት ሠልጥኖ እንኳ ብራናውን በወስፌ ሳያሰምር ብዕሩን አያነሣም። ታዲያ የሰባት ዓመት ልጅ ያለ መስመር ቀጥ ብሎ እንዲጽፍ ለምን እንጠብቃለን? በደብተሩ ላይ ሁለት ወፍራም መስመር እናስምርለት፤ የላይኛው ሰማይ፣ የታችኛው መሬት ይባል፤ ፊደሉ ራሱ ሰማይ ነክቶ እግሩ መሬት ይርገጥ። ቃላቱን አጣብቆ ለሚጽፈው ደግሞ መድኃኒቱ ከራሳችን ጽሕፈት ውስጥ አለ። ዛሬ ባዶ ቦታ ተክቷት ችላ የተባለችው ሁለት ነጥብ (፡) ቃል ከቃል መለያ ነበረች። «በሬው፡ሣር፡በላ» ብሎ ነጥቡን እየቆጠረ እንዲጽፍ ብናደርገው ክፍተቱን ይለምዳል፤ ኋላ ነጥቧን ይተዋታል።

በግራው የሚጽፈውን ልጅ ለብቻው እናንሣው፤ ከአሥር ልጆች አንድ ገደማ እንዲህ ነውና። በገበታ ላይ ግራ እጅ ነውር ስለሆነ ብዙ ወላጅ፣ ብዙ መምህርም ጽሕፈቱንም ወደ ቀኝ ሊያዞረው ይታገላል። ኧረ ተዉት! በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያን ሁሉ አገር በጦር የዞሩት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም «ግራኝ» የተባሉት በግራ እጃቸው ስለሚጠቀሙ ነበር። በግራ መጠቀም ድክመት እንዳልሆነ ታሪካችን ራሱ ያውቃል። ልጁ እንጀራውን በቀኙ ይቁረስ፤ እርሳሱን በግራው ይያዝ። ችግሩ ጽሕፈታችን ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱ ነው፤ የጻፈውን በእጁ ይሸፍነዋል፤ ያጠፋዋልም። ስለዚህ እርሳሱን ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ የደብተሩ አናት ወደ ቀኝ ዘንበል ይበል። ሦስት ልጅ በሚቀመጥበት ዴስክ ላይ ደግሞ የግራ ጫፍ ይሰጠው። መሐል ከተቀመጠ ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋር ቀኑን ሙሉ ሲጋጭ ይውላል፤ መምህሩም «ረባሽ» ይለዋል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ልጁ መማሩን ማቆም የለበትም። የምንፈራው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ እጁ እስኪደርስ ድረስ አእምሮውን ማስጠበቅ። ሰሌዳውን ሙሉ ገልብጥ የተባለ ልጅ አንድ ፊደል አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደገና ቀና ሲል መስመሩ ይጠፋበታል። ሌሎቹ ጨርሰው ሲወጡ እሱ ርእሱ ላይ ነው። ለእሱ ሦስት ቃል ይበቃዋል፤ እሱንም በቁራጭ ወረቀት ጽፈን አጠገቡ እናስቀምጥለት። የአካባቢ ሳይንሱንና ሒሳቡን ደግሞ በቃል እንጠይቀው። «በቃል የተመለሰ እንዴት ይታረማል?» የሚሉን አሉ። እንዴ! በዚህ አገር የቅኔ ተማሪ ዘርፎ ለመምህሩ የሚያሰማው በቃሉ አይደለም ወይ? መምህሩስ በጆሮው ሰምቶ አይደለም ወይ የሚያርመው? በዚሁ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና በአገር ሁሉ የሚታወሱት ከአፋቸው በወጣው ነገር ነው፤ ፊደል አጣጣላቸው ያምር ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማንም። በሒሳብ ስድስትን ገልብጦ የጻፈ ልጅ ድምሩን በትክክል ከነገረን ድምሩን አውቋል፤ ማርኩ ይሰጠው። የጽሕፈቱ ጉድለት በጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ይታረማል።

በዚህ መንገድ ጥቂት ወራት ተሠርቶበት ጭራሽ ለውጥ የማይታይበት ልጅ ሊኖር ይችላል። በሌላም ነገር፣ ቁልፍ በመቆለፍ፣ ኳስ በመቅለብ፣ ጫማ በማሰር ጭምር ይቸገር እንደሆነ እንይ። ከመቶ ልጆች አምስት ወይም ስድስቱ እንዲህ ያለ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር እንዳለባቸው ባለሙያዎች ይናገራሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሙሉ ሆኖ ጽሕፈቱ ብቻ አልታዘዝ ይለዋል፤ ይህን ዲስግራፊያ ይሉታል። ስሙን ማወቅ መልካም ነው፤ በልጁ ላይ መለጠፍ ግን የእኛ ሥራ አይደለም። ያየነውን ጽፈን፣ የልዩ ፍላጎት መምህር ባለበት ለእሱ እናቅርብ፤ በሌለበትም ርእሰ መምህሩ ይወቀው፣ ጤና ጣቢያም ይታይ።

ወላጅ ሲጠራ አነጋገራችን ይታሰብበት። አባት ከማሳው ተጠርቶ ሲመጣ ገና ከበሩ «መምህር፣ ምን አጠፋ?» ማለቱ አይቀርም፤ እቤት ሲገባ ልጁ ምን እንደሚጠብቀውም እናውቃለን። ስለዚህ ከሚችለው እንጀምር። «ጋሼ፣ ልጅዎ ንባቡ ደኅና ነው፤ ሒሳቡንም በቃሉ ይመልሳል። ጽሕፈት ላይ እጁ ቸገረው። ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ አመዱን አስተኝተው በጣቱ አምስት ፊደል ብቻ ያስጽፉት።» አባትየው «እኔ ማይም ነኝ፣ ምኑን አውቄ?» ቢል «እሱ ይጽፋል፣ እርስዎ ምን እንደጻፈ ይጠይቁት» ማለት ይበቃል። ከአምስት በላይ አያስፈልግም። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ውሏልና።

በዓመቱ መጨረሻ ካርድ ሲሞላ «ጽሕፈቱ ደካማ ነው» የምትለው ቃል ለሚቀጥለው መምህር ምንም አትነግረውም። በምትኩ አንድ ብጣሽ ወረቀት ከደብተሩ ጋር ትቀመጥ፤ በግራው እንደሚጽፍ፣ የዴስኩ ግራ ጫፍ እንደሚገባው፣ «ባ»ና «ቦ» ገና እንደሚምታቱበት፣ በቃል ሲጠየቅ እንደሚመልስ፣ ጨርቅ የተጠመጠመበት እርሳሱም የት እንዳለ ይጻፍባት። ከመስከረሙና ከሰኔው ደብተሩም አንድ አንድ ገጽ አብሮ ይያያዝ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ መምህር ልጁ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ሳይጠይቅ ያውቃል።